አንድ ሚሊዮን ሦስት እና አንድ ሚሊዮን አንድ

ጡረታ ስወጣ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ክሊራንሴን ከመፈረሙ በፊት ቀና ብሎ «መምህር፣ የመንግሥት ንብረት በእጅዎ የቀረ አለ?» አለኝ። አንድ የእንጨት ማስመሪያና አንድ ትልቅ የሰሌዳ ኮምፓስ አስረከብኩት። «ሌላ የለም» አልኩት፤ ፈረመልኝ። የንብረት ነገር እውነት ነው፤ ሌላ አልነበረኝም። ግን የአንዲት ልጅ መልስ በእጄ ቀርቶ ነበር። እሱን የሚመልሱበት ቅጽ የለም እንጂ ቢኖር ኖሮ ሃያ ዓመት አልቆይም ነበር፤ ቢያንስ እንዲያ ይመስለኛል።

ስሜ ይስማው ነው። ሒሳብ ነበር የማስተምረው፤ መጀመሪያ ጅጋ፣ ቀጥሎ ሽንዲ፣ በመጨረሻ ፍኖተ ሰላም። ቁጡ ነኝ። ባለቤቴ «አንተ እኮ ቤት ውስጥም የምታወራው ለአርባ ስምንት ተማሪ ነው» ትለኛለች። ደመወዙን ተውት፤ ያስተማረ ያውቀዋል። አለቆቼም ብዙ ናቸው፤ አንዳንዱ ደግ፣ አንዳንዱ ፊርማ ብቻ። የማልረሳው ግን አለቃዬ ያልነበረ ሰው ነው፤ ጋሽ ጥሩነህ።

ጅጋ የደረስኩት መንግሥት በተለወጠ ማግሥት ነው። ጋሽ ጥሩነህ እዚያው ትምህርት ቤት ሒሳብ ሲያስተምር ሸብቷል። ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ ይገባና ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ያጥበዋል። ሲደርቅ በዕለቱ የሚጠይቀውን ጥያቄ በሙሉ ራሱ ይሠራል፤ ከዚያ ያጠፋዋል፤ ከዚያ ደወል ይደወላል። ያንኑ ጥያቄ ለዓመታት ሲጠይቅ ኖሮ ዛሬም ሳይሠራው አይጠይቅም። «ጋሽዬ፣ ምን ያደክምዎታል? በቃልዎ የሚያውቁትን?» ብዬ ብጠይቀው «በቃሌ የማውቀውን ነው የምፈራው» አለኝ።

ሌላም ነገር ነበረው፤ እሱ ነው ያሳቀኝ። የሰሌዳውን የቀኝ ጥግ በጠመኔ ከልሎ «የጥሩነህ ስህተት» ብሎ ይጽፍበታል። በሳምንቱ ውስጥ ሲያስተምር የተሳሳተው ነገር ካለ እዚያ ይሰፍራል፤ ከሥሩ ትክክለኛው፤ ያገኘው ተማሪ ስም ከጎኑ። እስከ ዓርብ ማንም አያጠፋውም። ተማሪው ሁሉ ስሙ እዚያ ጥግ እንዲሰፍር ዓይኑን አፍጥጦ ነው የሚከታተለው። እኔ ደግሞ ወጣት ነኝ፣ ከረባቴን አስሬያለሁ። በአስተማሪዎች ክፍል «ሽማግሌው ገበናውን ይሰቅላል» እያልኩ አስቅ ነበር። አበስኩ ገበርኩ! አሁን ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

አንድ ሚሊዮን ሦስት የሚባለውን ቁጥር የሰጠኝ እሱ ነው። አንድ ቀን ከገበያ የገዛውን ሽምብራ ጠረጴዛው ላይ በተነና ለተማሪዎቹ አሳያቸው። አሥራ ሁለት ፍሬ በሦስት ረድፍ አራት አራት ይደረደራል። አሥራ ሰባቱን እንደፈለጋችሁ አድርጉት፣ አንድ ረጅም መስመር እንጂ እኩል ረድፍ አይወጣውም። እንዲህ ያለውን በአማርኛ መጽሐፍ ብቸኛ ቁጥር ይሉታል፤ እኛ አስተማሪዎች ፕራይም እንላለን። ከአንድና ከራሱ በቀር ሳያስተርፍ የሚያካፍለው የለም። ሲወጣ፣ በሩ ላይ ቆሜ ሳይ ነበርና፣ ወደ እኔ ዞር ብሎ «አንተ ባለ ከረባት፣ አንድ ሚሊዮን ሦስት ፕራይም ነው አይደለም?» አለኝ።

«ይመስለኛል» አልኩት።

«መምሰሉን ልጆቹም ያውቁታል። በል ሂድና አረጋግጥ።»

አረጋግጥ ማለት ማካፈል ነው። በሁሉም ቁጥር ማካፈል ግን አያስፈልግም። ቁጥሩ የሁለት ቁጥሮች ብዜት ከሆነ ከሁለቱ አንዱ የግድ ከሺህ አይበልጥም፤ ሁለቱም ከሺህ ቢበልጡ ብዜታቸው ያልፈዋል። ስለዚህ ከሺህ በታች ባሉት ፕራይሞች ብቻ ማካፈል ይበቃል። እነሱ አንድ መቶ ስልሳ ስምንት ናቸው። ካልኩሌተር የሚባል ነገር በእጄ የለም። ከትምህርት በኋላ ባለ ሁለት ዓምድ ደብተር ይዤ እቀመጣለሁ፤ በግራ አካፋዩ፣ በቀኝ ቀሪው። በሰባት ሳካፍል አራት ተረፈ። በአሥራ አንድ አራት። በአሥራ ሦስትም አራት። ሠላሳ ሰባት ላይ ስደርስ አሁንም አራት! ደብተሩን ይዤ ሮጥኩ፤ የተሳሳትኩ መስሎኛል። ጋሽ ጥሩነህ ሳቀ። «ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝን አራቱም ያካፍሉታል። ያንተ ቁጥር ከእሱ በስንት ይበልጣል?» በአራት! ሰው በቁጥር ልቡ እንዲህ ይመታል ብዬ አስቤም አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያዘኝ። ወር ሙሉ ተቀመጥኩበት። የመጨረሻው አካፋይ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሰባት ነበር፤ አሥራ ሁለት ተረፈ። አለቀ። አንድ ሚሊዮን ሦስት ፕራይም ነው፤ ያውም ሰባት አሃዝ ካላቸው ፕራይሞች የመጀመሪያው። ጋሽ ጥሩነህ ደብተሩን ገጽ በገጽ አየና ሌላ ጠባዩን አሳየኝ። በአራት ስናካፍለው ሦስት ይተርፋል፤ ማንኛውም ቁጥር በራሱ ተባዝቶ ደግሞ በአራት ሲካፈል ወይ ዜሮ ወይ አንድ እንጂ ሌላ አያስተርፍም። ሁለት እንዲህ ያሉ ቀሪዎች ቢደመሩ ሦስት አይሞላም። «ስለዚህ» አለ፣ «አንድ ሚሊዮን ሦስት ካሬ ሜትር መሬት ለሁለት ወንድማማች ብታካፍል፣ ጎናቸው ሙሉ ሜትር የሆነ ሁለት ካሬ ማሳ አይወጣህም። ጠብ ነው የሚወጣህ።» የጅጋ ሰው ስለሆነ መሬት ሳይጠቅስ ነገር አይጨርስም።

ሽንዲ ሦስት ዓመት ቆይቼ ፍኖተ ሰላም ተዛወርኩ። ሰው ስሜን አወቀ። ጎበዝ አስተማሪ ነው ተባልኩ፤ እኔም አመንኩ። በእኛ አዳራሽ የትምህርት ቤቶች የጥያቄና መልስ ውድድር ሲዘጋጅ ለሒሳቡ ጥያቄ አውጪም ዳኛም እኔ ሆንኩ። አሸናፊው አንድ ተማሪ ክረምቱን ባሕር ዳር ሄዶ ለተመረጡ ልጆች ብቻ በሚሰጥ የሒሳብ ትምህርት ይገባል። ቦታው አንድ ብቻ ነው።

ከቡሬ የመጣችው ሰሚራ ይማም ትባላለች። አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ነጭ ሻሽ የለበሰች። አባቷ አቶ ይማም ቡሬ ገበያ ጨርቅ ይሸጣሉ። ነጭ ቆብ አድርገው ከኋላ ወንበር ተቀምጠዋል። ለቡሬው አስተማሪ «እናንተ ጎበዝ ናት ትላላችሁ፤ እኔ ሒሳብ አላውቅ። በሰው ፊት ካሸነፈች እስከምትደርስበት አስተምራታለሁ። ካልሆነ ሱቁ እሷን ይጠብቃል» ማለታቸውን ሰምቻለሁ። ይህን እያወቅሁ ነው ዳኛ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት።

በመጨረሻ ሁለት ቀሩ፤ ሰሚራና አንድ የእኔው ትምህርት ቤት ተማሪ። እኩል ነጥብ። ያዘጋጀሁት ጥያቄ አለቀ። ርዕሰ መምህሩ ጎንበስ ብለው «መምህር፣ አንድ መለያ ጥያቄ ይጨምሩልን፤ ሰው እየጠበቀ ነው» አሉኝ። እኔስ ምን ገዶኝ! በቃሌ የማውቀው ቁጥር አለኝ። ጠመኔውን አነሳሁና ሰሌዳው ላይ 1,000,001 ብዬ ጻፍኩ። «ፕራይም ነው ወይስ አይደለም?»

ልብ በሉ። አንድ ሚሊዮን ሦስትን ነው በቃሌ የማውቀው። የጻፍኩት አንድ ሚሊዮን አንድን ነው። ዓመታት አልፈው እጄ አሳሳተኝ፤ እኔም ሳልሠራው ጠየቅሁ።

ልጁ «ነው» አለ። ሰሚራ ሰሌዳውን ትንሽ አየችና «አይደለም» አለች። ወዲያው ቀጠለች፦ «መቶ፣ ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ...»

«ማብራሪያ አልተጠየቀም!» አልኳት። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ስሟ ከተጻፈበት ፊት ለፊት ትልቅ ኤክስ አደረግሁ። የእኛ ተማሪዎች አዳራሹን በጭብጨባ አናጉት። እሷ አፏን ከፍታ ቀረች። አቶ ይማም መጥተው እጇን ያዙና «በይ ተነሽ ልጄ፤ መምህሩ ካሉ አሉ ነው» አሏት። እኔን ደግሞ ጎንበስ ብለው «እግዜር ይስጥልኝ፣ ደክመዋል» ብለው አመሰገኑኝ።

በማግሥቱ ቅዳሜ ነው። በጥያቄዬ ልኩራራ ፈልጌ የጅጋውን ደብተር ከሻንጣ አወጣሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ 1,000,003 ይላል። ሦስት! ዓይኔን አሸሁ። ዝቅ አልኩ። በግራ 101፣ በቀኝ ቀሪ 2። አንድ ሚሊዮን ሦስት በመቶ አንድ ሲካፈል ሁለት ከተረፈ፣ በሁለት የሚያንሰው አንድ ሚሊዮን አንድ ምንም አይተርፈውም። አባዛሁት፤ መቶ አንድ ሲባዛ በዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ አንድ፣ ልክ አንድ ሚሊዮን አንድ። በገዛ እጄ ጽፌ ያስቀመጥኩት መልስ ነው። ልጅቷ ያለችውም ገባኝ፤ መቶ፣ ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ፣ አንድ ሚሊዮን ነው፤ አንድ ሲጨመርበት በሁለት ቅንፍ ይፈታል። ያን ሰሞን እኔው ራሴ በክፍሌ ሳስተምረው የከረምኩት ነገር ነው። አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

እስከዚህ ድረስ ስህተት ነው፤ ማንም ይሳሳታል። ክፋቱ ሰኞ ነው። ሰኞ ጠዋት የባሕር ዳር ተላኪው ተማሪ ስም የተጻፈበት ወረቀት የዳኛ ፊርማ ጎድሎት ጠረጴዛዬ ላይ ቀረበ። «አንዴ ይቆየኝ» ማለት እችል ነበር። ቡሬ በመኪና ምን ያህል ነው? ግን አሰብኩ፤ አሸናፊው የእኛው ተማሪ ነው፣ አዳልቷል ይሉኛል። ግምገማ ደርሷል፣ እዚያ ያነሱብኛል። የእኛ ልጆች ጨብጭበዋል፣ ምን ይሉኛል። ሦስቱንም ቆጠርኩና ፈረምኩ።

ወር ሳይሞላ ጅጋ ሄጄ ለጋሽ ጥሩነህ ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «ሰሌዳው ላይ ጻፍከው?»

«አልጻፍኩትም።»

«ታዲያ እኔ ዘንድ ምን ልትሠራ መጣህ? እኔ የንስሐ አባት አይደለሁ። ሂድና ለልጅቷ ንገራት።»

ተቆጣሁና ወጣሁ። ለልጅቷም አልነገርኳት። ሰሚራ አሥራ ሁለተኛን ተፈትና ውጤቱ እንዳልመጣላት፣ ሱቅ እንደገባች ከሰው ሰማሁ። በእኔ ምክንያት ነው ብዬ መማል አልችልም፤ አይደለም ብዬ መማልም አልችልም። ለስብሰባ ባሕር ዳር ስሄድ መኪናው ቡሬን ሲያቋርጥ ገበያው ባለበት በኩል አልቀመጥም ነበር። ዓመታት እንዲህ አለፉ። ክፍላችን ፕላዝማ ገባለት፤ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ተማሪው እስክሪብቶ ሳያነሳ ራሱ ይመልሳል። ስበሳጭ ባለቤቴ «ምን ያናድድሃል፣ እሱም እንዳንተው ማብራሪያ አይጠይቅ» አለችኝ። ነገሩን ለእሷ ብቻ ነግሬያት ነበር። ሙሉ ቀን አኮረፍኳት፤ እውነቷን ስለሆነ።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወር ሲቀረኝ ጋሽ ጥሩነህ አረፈ። ለቅሶው ላይ ከጎኔ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ፣ የእህል ነጋዴ፣ እንባውን እየጠረገ «አንዴ ስሜን ሰሌዳው ጥግ ጽፎልኝ ነበር» አለኝ። «ሰባት ስምንት ሃምሳ አራት ብሎ ተሳስቶ እኔ አገኘሁበት። ሳምንቱን ሙሉ ጅጋ ውስጥ ቀና ብዬ ሄድኩ።» የተማረውን ሌላ ሒሳብ ሁሉ ረስቶታል፤ ያችን አልረሳትም። እኔ የማንን ስም ጽፌያለሁ? የአንዲት ልጅ ስም ጽፌያለሁ፤ ፊቱ ኤክስ አለበት።

በሳምንቱ ቡሬ ወረድኩ። ሱቁን ለማግኘት አልተቸገርኩም። ሰሚራ ሙሉ ሴት ሆናለች፤ ጨርቅ እየለካች ነበር። ገና ስታየኝ ሜትሩን አስቀመጠች። «መምህር ይስማው! ይግቡ፣ ይግቡ እንጂ! ምነው ዛሬ እግር ጣለዎ?» ወንበር አቀረበች። ሻይ አስመጣች። አክብሮቷ አቃጠለኝ። ደብተሩን ከፍቼ ፊቷ ዘረጋሁላት። «አንድ ሚሊዮን አንድ ፕራይም አይደለም። ትክክል ነበርሽ» አልኳት።

ሳቀች። እውነቴን ነው፣ ከልቧ ነው የሳቀችው። «ይህን ሊነግሩኝ ነው የመጡት? እኔማ ያኔውኑ አውቅ ነበር! አባቴን ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ፤ ‹መምህሩ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ቢያውቁማ ኖሮ ያንኑ ቀን ተመልሰው ይመጡ ነበር፣ አላወቁም እንጂ› እለው ነበር። አሁን አወቁ፤ አልሐምዱሊላህ። ሻይዎን ይጠጡ።»

እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። ይቅር ተብያለሁ፤ ሻይ ቀርቦልኛል። ብርጭቆውን ወደ አፌ አስጠጋሁትና ሳልጠጣ አስቀመጥኩት።

«ሰሚራ፣ አውቄ ነበር» አልኳት። «በማግሥቱ ነው ያወቅሁት። የአሸናፊው ስም ገና አልተላከም ነበር። ሰኞ እያወቅሁ ፈረምኩ።»

ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ። የሚገዛ ሰው መጥቶ «ይህ ስንት ነው?» አለ፤ አልመለሰችለትም፤ ሄደ። «አባቴ ይህን ሳይሰማ ሞተ» አለች። «እስከ ዕለተ ሞቱ ‹መምህሩ ካሉ አሉ ነው› እንዳለ ነው የሞተው።» ከዚያ ዓይኔን እያየች «ለምን ነገሩኝ?» አለችኝ።

«እኔ እንዳላውቅ አድርገሽ ስትከላከዪልኝ ስለሰማሁ። ይህ ደግሞ ሁለተኛ መዋሸት ሆነብኝ።»

«ይቅር እንድልዎት ነው?»

«አልጠየቅሁሽም።»

«ደግ።» ሜትሯን አንስታ ጨርቁን መጠቅለል ጀመረች። «በሰው ፊት ነው ተሳስታለች ያሉኝ። እዚህ ጨርቅ መሐል ለብቻዬ ቢነግሩኝ ምን ያደርግልኛል? በሰው ፊት ይንገሩት።»

የስንብት ዝግጅቴ የተደረገው በዚያው አዳራሽ ነው። መምህራኑ አሉ፣ ተማሪዎች አሉ፣ ለስላሳና ዳቦ ተዘጋጅቷል። ካባ አለበሱኝ። ርዕሰ መምህሩ፣ አሁን ሌላ ሰው ናቸው፣ «እስቲ ከረጅም ልምድዎ አንድ ነገር ያካፍሉን» አሉ። ሰሚራን ጠርቻት ነበር፤ ትመጣለች ብዬ ግን አላመንኩም። ከኋላ፣ አባቷ በተቀመጡበት በኩል፣ ተቀምጣለች።

ካባውን አውልቄ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩ። ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ አጠብኩት፤ እስኪደርቅ አዳራሹ ጠበቀኝ። በቀኙ ጥግ ከለልኩና «የይስማው ስህተት» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ፦ 1,000,001 = 101 × 9,901። ከጎኑ፦ ያገኘችው ሰሚራ ይማም፣ ቡሬ። ከዚያ ዞር ብዬ የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ፤ ዓርቡን፣ ቅዳሜውን፣ ሰኞውን። ፊርማውንም። አንዳንዱ መምህር አንገቱን ደፋ። አንዱ «ይኼ ሁሉ ለአንድ ጥያቄ?» ሲል ሰማሁት።

ሰሚራ ተነሳች። በወንበሮቹ መሐል አልፋ መጣችና እጇን ዘረጋችልኝ፤ ለሰላምታ መስሎኝ እጄን ሰጠኋት። «ጠመኔውን ነው» አለች። ሰጠኋት።

«ያን ቀን ማብራሪያ አልተጠየቀም ብለውኝ ነበር» አለች ወደ ሰዉ ዞራ። «ልጨርሰው።» ሃያ ዓመት ሙሉ ጨርቅ ስትለካ በኖረችበት እጇ ቀስ ብላ ጻፈች፦

100³ + 1³ = (100 + 1)(100² − 100 + 1)

ከሥሩ መቶ አንድን በአንድ በኩል፣ ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ አንድን በሌላ በኩል አሰፈረች። አንዲት ምልክት አልሳተችም። ከዚያ ጠመኔውን መለሰችልኝና ክፍል ውስጥ እንዳለች ተማሪ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ትክክል ነው መምህር?»

«ትክክል ነው» አልኳት፤ በስሟ ፊት ትልቅ ራይት አደረግሁ።